በመኪናዬ ሰርቪስ ላይ የእኔ ድርሻ

ለብዙ ዓመታት መኪናዬን ሰርቪስ የማስገባው ልብሱን ለላውንደሪ እንደሚሰጥ ሰው ነበር፤ ጠዋት ቁልፉን አስረክቤ እሄዳለሁ፣ ማታ ሂሳቡን ከፍዬ እረከባለሁ። በሚሰጠኝ ወረቀት ላይ ከተጻፈው ሁሉ በትኩረት የማነበው ድምሩን ብቻ ነበር። ይህን ልማድ ያስተወኝ ከመኪናው ፊት ለፊት ይሰማ የነበረ ድምፅ ነው።

ድምፁ ሻካራ አስፋልት ላይ የሚሄድ ጎማ የሚያሰማውን ጉምጉምታ ይመስል ነበር፤ ፍጥነት ስጨምር አብሮ ይጨምራል። እኔም ፍሬን መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ፤ ለዚህ ድምዳሜ የነበረኝ ማስረጃም ሸራው ከተቀየረ ቆይቷል የሚል ብቻ ነበር። ጋራዡ ስደርስ ስለ ድምፁ አንድም ቃል ሳልተነፍስ «የፊት ፍሬን ሸራ ይቀየርልኝ» አልኩ፤ መካኒኩም የታዘዘውን አደረገ። አዲስ ሸራ ገባ፣ ገንዘቡ ወጣ፣ ጉምጉምታው ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

በማግሥቱ ተቆጥቼ ተመለስኩ። መካኒኩ የምለውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ «መሪውን ወደ ግራ ሲያዞሩ ድምፁ ይለወጣል?» ሲል ጠየቀኝ። ይለወጥ ነበር። በፈጠነ መንገድ ላይ ወደ ግራ ስታጠፍ ይበረታል፣ ወደ ቀኝ ስታጠፍ ይቀንሳል፤ ይህንንም ለሳምንታት ሳስተውለው ቆይቻለሁ፤ ነገር ግን ቁም ነገር ነው ብዬ ስላልገመትኩ ለማንም አልነገርኩም። መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ስለሚያጋድል፣ የተጎዳው የቀኙ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ከሆነ ጭነቱ ሲበዛበት ድምፁም ይጎላል። መኪናው በሊፍት ከተነሣ በኋላ መካኒኩ የፊት ቀኙን ጎማ በአንድ እጁ እያሽከረከረ ሌላውን እጁን በሞላው ላይ አሳረፈ፤ ከዚያም ቦታውን ለቆልኝ እኔም እንዳደርገው ነገረኝ። በጆሮዬ የሰማሁት ነገር አልነበረም፤ በጣቶቼ ሥር ግን ሞላው አሸዋ የሚፈጭ ይመስል ይንቀጠቀጥ ነበር። በግራ በኩል ያለውን ስንሞክር ሞላው ጭጭ አለ።

ያን ቀን የተረዳሁት ነገር ሕመምተኛ ሆኜ ሳለ መድኃኒቱን ራሴ ማዘዜን ነው። መካኒክ መኪናውን የሚያገኘው ቆሞ፣ ሞተሩም ብዙ ጊዜ ሞቆ ነው፤ ጠዋት በብርድ ሲነሣ ምን እንደሚመስል፣ ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚያሰማ፣ ከዝናብ በኋላ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚያሳይ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር መኪናው ውስጥ አስቀመጥኩ። በውስጧ የምጽፈው ቀኑን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብ፣ ፍጥነቱን፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን ሙቅ፣ እንዲሁም ያየሁትንና የሰማሁትን ነው፤ «ይህ ሳይሆን አይቀርም» የሚል ግምት አልጽፍባትም። በኮምፒውተር የሚነበበው የስሕተት ኮድም ቢሆን ይህን ማስታወሻ አይተካም። ለምሳሌ ፒ0300 የሚለው ኮድ ሲሊንደሮች በዘፈቀደ ማቀጣጠል እየሳቱ መሆናቸውን ይናገራል እንጂ ጥፋቱ የካንዴላ ይሁን፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው የቦቢና ወይም የነዳጅ አይለይም፤ መቼና እንዴት ባለ ሁኔታ እንደሚከሰት የሚናገር ሰው ካለ ፍለጋው በእጅጉ ያጥራል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሲሠራ አጠገቡ ልሁን ብዬ ጠየቅሁ፤ መካኒኩም ፈቀደ፤ ሆኖም ሊፍቱ ሥር የምገባው ሲጠራኝ ብቻ እንደሆነ አስጠነቀቀኝ። እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ሳልሸፋፍን መናገር አለብኝ። መካኒኩ አሮጌውን የሞተር ዘይት አፍስሶ የማፍሰሻውን ብሎን በእጁ እየመለሰ ሳለ፣ እኔ ስለ ፍሬን ዲስኩ ረዘም ያለ ጥያቄ አቀረብኩለት። ሰውየው ጨዋ ስለሆነ ተነሥቶ እያሳየ አስረዳኝ፤ ሲመለስም ሊፍቱን ዝቅ አድርጎ አዲሱን ዘይት ሞላ። በማግሥቱ ጠዋት መኪናዬ በቆመችበት ቦታ የእጅ መዳፍ የሚያክል የዘይት ምልክት አገኘሁ። ብሎኑ በእጅ ከመጠምዘዙ በቀር በመፍቻ አልጠበቀም ነበር። ሞተር ዘይቱን መንገድ ላይ ቢያፈስ ኖሮ ሞተሩ ነክሶ ይቀር ነበር፤ ለዚህም ተጠያቂው መካኒኩ ብቻ ነው ብዬ ለመናገር አልደፍርም። መገኘቴ ሥራውን ያሻሽለዋል ብዬ ነበር የገባሁት፤ ያን ቀን ግን ያበላሸሁት እኔው ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እጁ መፍቻ ይዞ እያለ አልናገርም፤ ጥያቄዎቼን አጠራቅሜ እጁን ሲጠርግ አቀርባለሁ። እርሱም ያጠበቀውን ብሎን ሁሉ በነጭ ቀለም ጫር ማድረግ ጀመረ፤ ቀለም የሌለበት ብሎን ከሩቅ ይታያል።

በእርግጥ ቀኑን ሙሉ እዚያ መቆም አያስፈልግም። የሚጠቅመው ጊዜ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው፤ እርሱም ጎማዎቹ ወልቀው መኪናው ተሰቅሎ ሳለ፣ ምንም ነገር ከመቀየሩ በፊት ያለው ነው። ቀጠሮ ስይዝ ለዚያች ሰዓት ጥሩኝ እላለሁ። የፍሬን ሸራን ነገር በሚገባ የተረዳሁት በእንዲህ ያለ ሰዓት ነው። እኔ በቸርኬው ክፍተት እያየሁ ገና ብዙ አለው የምለው የውጪውን ሸራ ነበር፤ የኋላው ግራ ጎማ ሲወልቅ የውጪው ሸራ 7 ሚሊ ሜትር፣ ከዲስኩ ጀርባ የተደበቀው የውስጡ ግን 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች ዝገው ስለነበር አንዱ ሸራ ብቻውን ሲሠራ ከርሟል። ሸራ ቀይረን ዘንጎቹን ሳናጸዳና ሳንቀባ ብንተወው አዲሱም በዚያው መንገድ ያልቅ ነበር። የፍሬን ዘይትም እንዲሁ በዓይን ብቻ አይዳኝም፤ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ንጹሕ መስሎ እየታየ የመፍያ ነጥቡ ይወርዳል። ዶት 4 ለሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት የተቀመጠው ዝቅተኛ የመፍያ መመዘኛ አዲስ ሲሆን 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ እርጥበት ሲገባው ግን ወደ 155 ይወርዳል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ዘይቱ የተቀየረበትን ቀን በደብተሬ እጽፋለሁ።

አሮጌ ዕቃዎች እንዲመለሱልኝ የምጠይቀውም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ካለቀ በኋላ ሲጠየቅ ጥርጣሬ ይመስላል፣ ዕቃውም ከሌላ ቁርጥራጭ ጋር ተጥሎ ሊሆን ይችላል። መለዋወጫ ራሴ ገዝቼ ማምጣቱን ግን ትቼዋለሁ፤ ዕቃው ቢበላሽ ጋራዡ «ዕቃው ያንተ ነው» ይላል፣ ሻጩ ደግሞ «ገጠማው ነው» ይላል፣ መካከል ላይ የምቀረው እኔ ነኝ። ጎማ ንፋስ መለካት፣ የአየር ፊልትሮ መቀየርና የዘይት መጠን ማየት የእኔ ሥራ ሆነው ቀርተዋል፤ ፍሬንና ኤርባግ ግን አልነካም።

ከጊዜ በኋላ በጋራዡ ውስጥ አንድ ትንሽ ሥራ ተሰጠኝ። አሮጌው የዘይት ፊልትሮ ሲፈታ ጎሚኒው (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት) አንዳንድ ጊዜ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ አዲሱ ከነጎሚኒው በላዩ ላይ ከተጠመዘዘ ሞተሩ ሲነሣ ዘይቱ በኃይል ይረጫል። ባለፈው ሰርቪስ መካኒኩ ከሊፍቱ ሥር ሆኖ ዘይት የሚንጠባጠበውን አሮጌ ፊልትሮ ምንም ሳይናገር አቀበለኝ። ገልብጬ አየሁት፤ ጎሚኒው በቦታው አለ። «አለ» አልኩት፤ እርሱም አዲሱን ማጥበቅ ጀመረ።