እየመሩ ጥለው የወጡት ሰውዬ

ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትናንት አለቀ። ፊላደልፊያ ላይ፣ በ55 ለ 23 ሽንፈት። ዛሬ ሥራ አልወጣሁም። መኪናዋን ከቤት ፊት ለፊት አቁሜ፣ ቡናዬን አፍልቼ፣ ከጳጉሜን ጀምሮ ከአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ ከዋሽንግተን ኮማንደርስ ጋር ያሳለፍኩትን ጊዜ ሳልረሳው ልጽፍ ተቀመጥኩ።

በዚህ ጨዋታ ልቤ የሚማረክ ሰው አልነበርኩም። ዲሲ የገባሁት በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ታክሲ መንዳት የጀመርኩትም ያኔ ነው። ለረጅም ጊዜ ጨዋታው የቀበሌ ስብሰባ ይመስለኝ ነበር። አምስት ሰከንድ ይራኮታሉ፣ ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ክብ ሠርተው ይመካከራሉ። «እግር ኳስ» ይሉታል እንጂ እግር ኳሱን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። ሕጉን ያስተማሩኝ ተሳፋሪዎች ናቸው። አራት ዕድል ይሰጥሃል፣ በአራቱ 10 ያርድ መግፋት አለብህ፣ ካቃተህ ኳሱን ታስረክባለህ። ይህን ለመረዳት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ባልናገር ይሻላል።

ውጤቱን ግን ሳልጠይቅ አውቀው ነበር፤ የኋላው በር ይነግረኛል። እሁድ ማታ ላንዶቨር ከሚገኘው ስታዲየም አጠገብ ሰው ስጭን፣ አሸንፈው ከሆነ በሩ ድው ብሎ ይዘጋል። ተሸንፈው ከሆነ ደግሞ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ቀስ አድርገው ይዘጉታል። ለብዙ ዓመታት በሬ ምንም ጉዳት አልደረሰበትም። በፈረንጆቹ 2023 ካደረጓቸው 17 ጨዋታዎች ያሸነፉት አራቱን ብቻ ነበር። ስማቸው እንኳ አልረጋም። ነባር አሜሪካውያንን ያስቀይማል የተባለው የድሮ ስም በ2020 ቀረ፣ ሁለት ዓመት «የዋሽንግተን ፉትቦል ቡድን» ተብለው ብቻ ቆዩ፣ ከዚያ ኮማንደርስ ሆኑ። ሽማግሌ ተሳፋሪዎቼ ዛሬም በድሮው ስም ይጠሯቸውና ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። ክለቡ በ2023 በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ ደስ ያላቸው ከገዛው ይልቅ ስለሸጠው ነበር።

ያለፈው የውድድር ዘመን የጀመረው ጳጉሜን 3 ቀን ነው፤ በመጀመሪያው ጨዋታ ታምፓ 37 ለ 20 ረታቸው። እኔም አዲስ ዓመት በአሮጌ ወሬ ሊገባ ነው አልኩ። በሳምንቱ ግን አንድም ተችዳውን ሳያገቡ (ኳሱን በእጅ ይዞ እስከ ሜዳው ጫፍ ማድረስ ማለት ነው)፣ ሰባት ጊዜ ኳስ በእግር መትተው ብቻ፣ 21 ለ 18 አሸነፉ። ጨዋታው እግር እንዳለው ያመንኩት ያን ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ አንድ ልጅ ሆነ፤ ስለ ጀይደን ዳኒየልስ። ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ እርጋታው ከዕድሜው የሚበልጥ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረውና ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች። የኋላ ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሁሉ እንደ ገዛ ልጁ በመጀመሪያ ስሙ ብቻ ይጠራዋል።

የምጽፈው ግን ስለ ሰውዬው ነው።

ጥቅምት 17 ቀን፣ በእነሱ ኦክቶበር 27፣ ከቺካጎ ቤርስ ጋር ይጫወቱ ነበር። ጀይደን በፊተኛው ሳምንት የጎን አጥንቱን ተጎድቶ ስለነበር ይሰለፍ አይሰለፍ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወዛግብ ከርሞ ነው የገባው። እኔ ጨዋታው ሲያልቅ የሚወጣውን ሕዝብ ለማግኘት ስታዲየሙ አቅራቢያ ቆሜያለሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ አንድ ስድሳ ዓመት የዘለላቸው ጥቁር አሜሪካዊ መጡ። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ጃኬት ለብሰዋል፤ የክንዱ ጫፍ ነትቧል። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

«ተሸነፉ እንዴ?» አልኳቸው።

«አልተሸነፉም። 12 ለ 7 እየመሩ ነው።»

በመስተዋቱ አየኋቸው። የሚቀልዱ አይመስሉም።

«ታዲያ ለምን ወጡ?»

«ወንድሜ፣ ፊልሙን አውቀዋለሁ። 12 ለ 0 ነበርን፣ አንዱ 56 ያርድ ሮጦ 12 ለ 7 አደረገው። ከዚህ በኋላ ያለውን ሠላሳ ዓመት አይቼዋለሁ። ለምን ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ?»

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚሄዱት። ቀለበት መንገዱን ይዘን ወጣን፤ ሬዲዮውን ልክፈተው ብል እሺም እምቢም አላሉም፤ ከፈትኩት። እሳቸው ግን ስለ ድሮው ስታዲየም ያወሩኝ ጀመር። አናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ የነበረው አር ኤፍ ኬ፣ ሕዝቡ ሲዘል መቀመጫው ከሥር እንደሚናጥ፣ አባታቸው ከፍርሃት የተነሣ እጃቸውን አጥብቀው ይዘዋቸው እንደነበር። ከዚያ ጃንዋሪ 1988። ዳግ ዊልያምስ በጨዋታው አንድ ሩብ ብቻ ቡድኑን 35 ነጥብ ሲያስቆጥር፣ ሱፐር ቦውል የሚባለውን የዋንጫ ፍጻሜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሲሆን። «አባቴ ቆሞ አለቀሰ። ቤታችን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት።» ዴንቨርን 42 ለ 10። ቁጥሩን ሲናገሩ የልጃቸውን የልደት ቀን የሚናገሩ ነው የሚመስሉት።

በመካከል ሬዲዮው ጮኸ። ቤርሶች አንድ ያርድ ሲቀራቸው ኳሱን ከፊት መስመር ለሚጋፋ ግዙፍ ሰው ሰጥተው አስጥለውታል። እኔ መሪውን መታሁ። እሳቸው በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያሉ። «ይመለሳሉ» አሉ። እውነትም ተመለሱ። 25 ሰከንድ ሲቀር ቤርሶች አገቡ፤ 15 ለ 12። ሰውዬው ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ትንፋሹ የሐዘን አልነበረም፤ ዶክተሩ የጠረጠሩትን በሽታ ሲነግራቸው «አላልኩም?» እንደሚሉ ሰዎች ያለ ነው።

ፍርድ አልሰጠሁባቸውም። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈው አዲስ አበባ ከሱዳን ጋር የመልስ ጨዋታ ሲያደርጉ፣ እኔ ስልኬን አጥፍቼ ተኝቼ ነበር። ወንድሜ ደጋግሞ ደውሎ ሲያጣኝ አብሮኝ ለሚኖረው ልጅ ደወለ፤ 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ማለፋችንን የሰማሁት በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ነው። ዛሬ ያንን ጨዋታ «የት ሆነህ አየኸው?» ሲሉኝ ወሬ እለውጣለሁ።

ከሰውዬው ሰፈር ስንደርስ የመጨረሻው ውርወራ ደረሰ። ሄይል ሜሪ ይሉታል፤ ሌላ መላ ሲጠፋ ኳሱን ወደ ሰማይ ወርውሮ ድንግል ማርያምን መማጸን ማለት ነው። በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን በየጠዋቱ የሚደግም ሰው ስሙን ሊያስተረጉም አይገባውም። ጀይደን ወዲያ ወዲህ እየሸሸ፣ እየሸሸ፣ ጋዜጠኛው ትንፋሹ እያጠረ፣ ኳሷ ሄደች። ከዚያ ከሬዲዮው የሰው ድምፅ አልነበረም የወጣው። በኋላ በስልኬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፦ ይህች የመጨረሻ ሙከራ ስትጀመር ጀርባውን ሰጥቶ ከተመልካች ጋር ሲመላለስ የነበረው የቤርስ ተከላካይ እየሮጠ መጥቶ ኳሷን በእጁ ይነካታል፣ ኳሷ ከሁሉም ራስ በላይ ትነጥራለች፣ ከኋላ ብቻውን የቆመው ኖዋ ብራውን ይቀበላታል። 52 ያርድ። 18 ለ 15።

መኪናዋን ጥግ አስያዝኩ። ሰውዬው አልጮኹም። ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ቤታቸው ከፊታችን ይታያል፣ የሳሎኑ መብራት በርቷል።

«ትኬቱን የገዛችልኝ ልጄ ናት፣ ለልደቴ» አሉ ቆይተው። «ውስጥ ናት። ከእናቷ ጋር እያየች ነው።»

ምን እንደሚባል አላወቅኩም።

«አሁን ብገባ ሰዓቱ ያሳብቅብኛል። ስታዲየም የነበረ ሰው ከዚህ ለመድረስ ስንት ይፈጅበታል?»

«ዛሬማ መንገዱ ይዘጋል፤ ከአንድ ሰዓት አያንስም» አልኳቸው።

«እንግዲያው አዙረኝ።»

አዞርኳቸው። ጆርጂያ ጎዳናን ወርደን፣ እንደገና ወጥተን፣ ነዳጅ ማደያ ቆመን ሻይ ገዛሁላቸው። በስልኬ ያንን ውርወራ ስድስት ጊዜ አየን። ማን የት እንደቆመ፣ ኳሷ በየትኛው በኩል እንደወረደች እንደ ተማሪ ያጠኑ ነበር። ሒሳብ አልቀበልም ብል በግድ ሰጡኝ። ቤታቸው ስመልሳቸው በሩን ድው አድርገው ዘጉት፤ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ አላገኘኋቸውም።

የቀረውን ዘመን እንደ እሳቸው ምትክ ሆኜ የተከታተልኩት ይመስለኛል። ጾመ ነቢያት በገባበት ዕለት፣ ኅዳር 15፣ ከዳላስ ጋር 21 ሰከንድ ሲቀር የ86 ያርድ ተችዳውን አግብተው፣ እኩል ለመሆን የምትቀረውን ቀላል ምት ሳቱ። ያን ማታ በሬ ጨርሶ ድምፅ አልነበረውም። ግን 12 አሸንፈው 5 ተሸንፈው ጥሎ ማለፉ ገቡ። እዚያም ታምፓን፣ ያንኑ በጳጉሜን ያሸነፋቸውን፣ የግቡን ምሰሶ ነክታ በገባች ምት 23 ለ 20 አስወጡት። በጥሎ ማለፍ ሲያሸንፉ ከ19 ዓመት በኋላ ነው። የመጨረሻው ድላቸው እኔ በገባሁበት ዓመት ነበርና ወዳጆቼ «ገደ ቢስ» ሲሉኝ ሰነበቱ።

ዲትሮይትን 45 ለ 31 የረቱት በከተራ ሌሊት ነው። እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ዝማሬው መሐል ሁለት ወጣቶች ከነጠላቸው ሥር ስልክ ሲያበሩ አየሁና ልቆጣ ተጠጋሁ። «ጋሼ፣ 31 ለ 21 እየመራን ነው» አለኝ አንዱ በሹክሹክታ። መቆጣቴን ረሳሁት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

እና ትናንት። ከፈረንጆቹ 1991 የውድድር ዘመን ወዲህ ለኮንፈረንስ ዋንጫ፣ ወደ ሱፐር ቦውል ለሚያሳልፈው ጨዋታ፣ ሲደርሱ የመጀመሪያቸው ነው። ሬገን ኤርፖርት የታክሲ መጠባበቂያው ውስጥ ሆኜ በሬዲዮ ሰማሁት። ፊላደልፊያ ኳስ በያዘችበት የመጀመሪያ ሙከራ አንዱ 60 ያርድ ሮጦ አገባ። የእኛዎቹ ኳስ አራት ጊዜ አስነጠቁ። «የእኛዎቹ» ማለት መቼ እንደጀመርኩ አላስታውስም። ውጤቱ 40ን ሲያልፍ አንዱ ጓደኛዬ በመስኮቴ አጎንብሶ «ዝጋው እንጂ ሰውዬ፣ ምን ልትሰማ ነው?» አለኝ። አልዘጋሁትም። የመጨረሻዋ ሰከንድ እስክታልቅ፣ ጋዜጠኞቹ እስኪሰናበቱ ሰማሁት።

ወዲያው ተራዬ ደረሰ። ሻንጣዋን እየጎተተች የመጣች ወጣት ናት፤ የኮማንደርስ ኮፍያ አድርጋለች። መስተዋቱ ላይ የተንጠለጠለውን መስቀል አይታ «ሀበሻ ነዎት?» አለችኝ፣ እዚህ ባደገ ሰው አማርኛ።

«ነኝ። የት ልውሰድሽ?»

«አሌክሳንድሪያ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት? አውሮፕላን ውስጥ ነበርኩ፣ ስልኬንም አልከፈትኩትም። ጨዋታው ቤት ተቀድቶልኛል። ውጤቱን አይንገሩኝ።»

ሬዲዮውን ዘጋሁት። ፊቴ እንዳያሳብቅብኝ መስተዋቱን ትንሽ ወደ ላይ ገፋ አደረግኩት። ስለ በረራው ጠየቅኳት፣ ስለ ብርዱ አወራን፣ ከዚያ ዝም አልን። ቤቷ በር ላይ ሻንጣዋን አውርጄ ስሰጣት አልሄደችም።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለች። «ጀይደን አልተጎዳም አይደል?»

«ደህና ነው» አልኳት።