በበዓለ ሃምሳ ስግደት የለም

ዛሬ የፋሲካ ሳምንት ሐሙስ ነው። አዳም ሐሙስ። ቤተ ክርስቲያናችን ለአዳም የተሰጠው የድኅነት ተስፋ መፈጸሙን የምታስብበት ቀን ነው። ይህን የምጽፈው ዛሬ የገባኝ ነገር ነገ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው። ይቅር ተብዬ ሳለ ይቅር መባሌን ማመን አቅቶኝ ነበር።

በደሌ ምን እንደነበር አልዘረዝርም። ታሪኩ የኔ ብቻ አይደለም፣ የታላቅ እህቴም ነው። ዓመታት አልፈውታል። ዘንድሮ በዐቢይ ጾም፣ ደብረ ዘይት ሰሞን፣ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ሆሳዕና ሳይደርስ መሄድ ነበረብኝ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም፣ መስቀልም አንሳለምም። አዳምና ልጆቹ በሲኦል የቆዩበትን የ5500 ዘመን ፍዳ የምናስብበት ሳምንት ስለሆነ ካህኑ "ይፍታሽ" አይልም።

አባ እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"እህትሽ ጋ ሄደሻል?"

"አልሄድኩም አባ።"

"በይ መጀመሪያ እሷ ጋ ሂጂ። ከዚያ ትመጫለሽ።"

ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ፣ አስቀድመህ ሄደህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ቃል ነው። ለኔ የተነገረ ሆኖ የተሰማኝ ግን ያን ቀን ነው።

ሄድኩ። እህቴ ዝም ብላ ሰማችኝ። አላለቀሰችም፣ አላቀፈችኝም። "ሰምቼሻለሁ። አሁን ግን ጊዜ ስጪኝ" አለች። በቃ ይኼው ነው። እየተነፋረቅሁ ለአባ ስነግራቸው፣ "ያንቺን አድርገሻል፤ የሷን ልብ ለሷና ለእግዚአብሔር ተዪው" አሉኝ። ቀኖና ሰጡኝ፦ ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት። ፈጸምኩት። "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሰላም ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተሰማኝም። ስቅለት ዕለት ከጧት ጀምሮ ከሕዝቡ ጋር ስሰግድ ዋልኩ። "ኪርያላይሶን" እያልን ጉልበታችን እስኪዝል። ማታ ላይ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ አድርገው ስግደት ሲሰጡ እኔም ተሰለፍኩ። ለብዙዎች ያ ሰዓት የዕረፍት ሰዓት ነው፣ ፊታቸው ላይ ይታያል። እኔ ግን ያንኑ ሸክም ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። የትንሣኤ ሌሊት "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" ሲባል፣ "አግዐዞ ለአዳም" ሲባል፣ አዳምን ነፃ አወጣው እያልኩ ከሁሉ ጋር ዘመርኩ። ራሴን ግን ከአዳም ልጆች መሀል አላስገባሁትም ነበር።

ፋሲካ አለፈ፣ እኔ ሕማማት ላይ ቀረሁ። ሌሊት እየተነሳሁ መስገድ ቀጠልኩ። ማንም አላዘዘኝም። ዛሬ ሄጄ "አባ፣ ተጨማሪ ቀኖና ይስጡኝ" አልኳቸው። ትኩር ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ በበዓለ ሃምሳ የንስሐ ስግደት አለ እንዴ?"

"የለም።"

"ታዲያ ለማን ነው የምትሰግጂው? እሱ እንደሆነ ተነሺ ብሎሻል።"

መልስ አልነበረኝም።

እውነት ነው፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ስግደት የለም። ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። 55 ቀን ያስጾመችን ቤተ ክርስቲያን ራሷ አሁን በቃ ትላለች። ይህን ሥርዓት ሁሌ የማውቀው እንደ ዕረፍት ነበር፣ ሥጋ የሚበላበት፣ ጉልበት የሚያርፍበት። አሁን ሳስበው ግን ትእዛዝ ነው። የተነሣውን ጌታ ፊት ለፊት እያየሁ እንዳልተነሣ አድርጌ መኖር አልችልም።

ቤት ገብቼ የዮሐንስን ወንጌል ከፈትኩ። ጴጥሮስ ጌታን የካደው በሊቀ ካህናቱ ግቢ፣ የፍም እሳት ዳር ቆሞ ሲሞቅ ነው። ምዕራፍ 21 ላይ ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ ከባሕር ሲወጡ ፍም ተቀጣጥሎ፣ ዓሣ በላዩ ሆኖ፣ እንጀራም ቀርቦ ያገኛሉ። ያዘጋጀው ጌታ ነው። ጴጥሮስ ያን ፍም ሲያይ ያቺ ሌሊት ትዝ ያላለችው አይመስለኝም። ጌታ ግን "ለምን ካድከኝ?" አላለውም። መጀመሪያ አበላው። ከዚያ ሦስት ጊዜ "ትወደኛለህን?" አለው። ሦስት ጊዜም በጎቹን አደራ ሰጠው። በማርቆስ ወንጌልም መልአኩ ሴቶቹን ሲልካቸው "ለደቀ መዛሙርቱና ለጴጥሮስ" ንገሩ ይላል። ከሁሉ ለይቶ በስሙ ያስጠራው የካደውን ነው። ይህን ሳነብ አለቀስኩ።

ይሁዳም ተጸጽቷል። ማቴዎስ "ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ" ማለቱን፣ ብሩንም መመለሱን ጽፏል። ጸጸቱ የውሸት አይመስለኝም። ግን ብቻውን ሄደ፣ ፍርዱንም በገዛ እጁ ሰጠ። ጴጥሮስ መራራ ልቅሶ አልቅሶ ከወንድሞቹ ጋር ቆየ። ጌታ ባሕሩ ዳር እንደቆመ ሲሰማ ልብሱን ታጥቆ ውኃው ውስጥ ዘለለ። እኔ ትሕትና እያልኩ የያዝኩት ነገር የትኛውን ይመስል እንደነበር ሳስበው ደነገጥኩ።

ይህን ስል በደሌን ረሳሁት ማለቴ አይደለም። ይቅር ተብያለሁ ብሎ የበደሉትን ሰው መርሳት አለ፣ እሱን አልወደውም። የእህቴ ቁስል የሷ ነው፣ የኔ ንስሐ አይሽረውም። ዳዊትም በመዝሙር 50 "ኃጢአቴ ሁልጊዜ በፊቴ ነው" ይላል። እዚያው መዝሙር ላይ ግን የማዳንህን ደስታ ስጠኝ ብሎ ይለምናል። ሁለቱን በአንድ ጸሎት ውስጥ መያዙን እስከዛሬ ልብ አላልኩትም ነበር።

አባን ስሰናበታቸው ስለ ቁርባን ጠየቅኳቸው። "እህቴ ገና መልስ አልሰጠችኝም፣ እንዴት ይሆናል?" አልኳቸው። "በሩን የዘጋሽው አንቺ ካልሆንሽ ነይ" አሉኝ። እሁድ ዳግማይ ትንሣኤ ነው። እቆርባለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ለእህቴ ደውዬ እንኳን አደረሰሽ እላታለሁ። ስለዚያ ነገር አላነሳባትም፣ ጊዜ ስጪኝ ብላኛለች።