ጎንደርን ከየት ሆኜ ልያት?

ባጃጁ ዳገቱ መሀል ላይ አቃሰተ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። ዓይኑ ሆዴ ላይ ትንሽ ቆየ።

«ጋሼ፣ እዚህች ጋ ብቻ ይወርዱልኛል?»

ወረድኩ። ባጃጁ እንደ ተገላገለ በቅሎ ሽቅብ ፈተለከ። እኔ በእግሬ ተከተልኩ። ጎሃ ሆቴል ያለበት ኮረብታ ጫፍ ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። ሰዓቱ 11 ከሩብ ነው። ጀንበሯ ለመጥለቅ አንድ ሰዓት እንኳ አልቀራትም።

ጎንደር ስመጣ ይሄ አራተኛዬ ነው። አንዴ ለሠርግ፣ አንዴ ለለቅሶ፣ አንዴ ለጥምቀት መጥቻለሁ። ከሦስቱም ጉዞ የተረፈኝ ፎቶ አንድ ዓይነት ነው፤ እኔ ከፊት፣ የፋሲል ግንብ ከኋላ። ከተማዋን ግን አይቻት አላውቅም። ግንብ ሥር የቆመ ሰው የሚያየው ግንቡን ነው። በዚህኛው ጉዞ ሁለት ቀን ትርፍ አገኘሁ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ አቁሟል፣ አቧራው ገና አልተነሳም። ስለዚህ ሥራዬ ብዬ ከፍታ ፍለጋ ወጣሁ። ጎንደርን ከላይ ሆኜ፣ ሙሉዋን ማየት ፈለግሁ።

ምክር የጠየቅኳቸው ሁሉ የሰጡኝ መልስ አንድ ነው፦ «ጎሃ ውጣ፣ አለቀ።»

አልተሳሳቱም። ኮረብታው ከከተማዋ በስተሰሜን ነው። ከሆቴሉ ሰገነት ላይ ቡና አዝዞ የተቀመጠ ሰው ከተማዋ ከእግሩ ሥር ተነጥፋ ያገኛታል። አሞራዎቹ እንኳ የሚያንዣብቡት ከወንበሬ ዝቅ ብለው ነው። የአሞራን ጀርባ ከላይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ክንፉን ሳያርገበግብ ቀሃ ሸለቆ ድረስ ይንሳፈፋል።

ከዚህ ሲያዩት የከተማዋ አቀማመጥ ወዲያው ይገባል። ጎንደር ያረፈችው በሁለት ወንዞች መሀል ባለ ጉብታ ላይ ነው። በምዕራብ ቀሃ ይወርዳል፣ በምሥራቅ አንገረብ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. መናገሻቸውን የቆረቆሩት እዚህ ጉብታ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን ጭነው ከቦታ ቦታ የሚዞሩ ነበሩ። እኔ ሁልጊዜ «ለምን እዚህ ቆሙ?» እል ነበር። ጎሃ ላይ አንድ ሲኒ ቡና ጠጥቼ ስጨርስ ጥያቄው ቀረ። ግራና ቀኝ ውሃ አለ፤ በሰሜን ተራራ አለ፤ ደቡቡ እስከ ጣና ሜዳ ድረስ ክፍት ነው።

ግንቡ ከዛፎቹ መሀል ብቅ ብሏል። በአራቱ ማዕዘን ያሉት እንቁላል ራስ ማማዎች ከሩቅም አይሳቱም። ከዚያ ወዲያ ቆርቆሮ ነው። ብዙ ቆርቆሮ! አዲሱ ያብረቀርቃል፣ የዛገው ከአፈሩ ጋር ተመሳስሏል። በየመሀሉ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ጉንጉን አለ። ጉንጉኑ ባለበት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጎንደር «አርባ አራቱ ታቦት» ይባልላት የለ? ጉንጉኖቹን ልቆጥር ጀመርኩ። አስራ አንድ ላይ ጠፋብኝ።

«ጥሩ ቀን ከሆነ ጣና ይታያል» አለኝ አስተናጋጁ በደቡብ በኩል እየጠቆመኝ።

አንድ ነጭ መስመር አየሁ። ጣና ይሁን ጉም እኔና እግዜር አናውቅም። አስተናጋጁ ግን ጣና ነው ስላለ አዲስ አበባ ስመለስ ጣናን አየሁ ብዬ ነው የማወራው።

12 ሰዓት ሲሆን ጀንበሯ በስተቀኝ ካሉት ተራሮች ጀርባ ገባች። ሰገነቱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን ወደዚያ አዞረ። ብርቱካንማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከዚያ ግራጫ ሆነ። ያምራል። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ጀንበሯ ስትደምቅ ከተማዋ ደበዘዘች። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ጎንደር ከፊቱ ተቀምጣ ሳያያት ጨለመ። ስልኬ ውስጥ የቀረው ግንብ ደግሞ የምስር ፍሬ ያህላል።

ባጃጁ ጋ ስወርድ ልጁ ጀርባውን ለከተማዋ ሰጥቶ ስልኩን ይጎረጉራል።

«አንተ፣ አታይም እንዴ?»

«እኔ ስዞራት የምውላት ከተማ ምኗ ይታያል ጋሼ?» አለና አስነሳ። ቁልቁለቱን ወርዱልኝ አላለኝም።

በማግስቱ በጠዋት ቁስቋም ሄድኩ። ከፒያሳ በሰሜን ምዕራብ፣ ቀሃን ተሻግሮ ያለ ተረተር ላይ ነው። ሙሉ ስሙ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። ቁስቋም የሚለው እመቤታችን በስደቷ ካረፈችበት የግብፅ ቦታ የተወሰደ ነው። ደብሩንም ቤተ መንግሥቱንም ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ባላቸው ዐፄ በካፋ በ1730 እ.ኤ.አ. ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበርና እሳቸው አገር ያስተዳድሩ ነበር። ከከተማው ጫጫታ ወጣ ብለው፣ ከተማውን ፊት ለፊት እያዩ ለመኖር የመረጡት ይህን ዳገት ነው። ምርጫቸውን ሳየው ሴትዮዋ ዓይን ነበራቸው አልኩ።

ግን ደርሼ ስዞር የጠበቅኩትን አላገኘሁም። ፀሐይዋ ከከተማዋ ጀርባ ወጥታ ዓይኔ ውስጥ ገባች። ጎንደር ጥቁር ጥላ ሆነች። ማማዎቹ ብቻ እንደ ጥርስ ተገትረዋል። ስልኬን ብሞክረው ሁሉም ነጭ።

ቅዳሴ ወጥተው አጥሩ ሥር ጥላ የያዙ አንዲት መነኩሴ ሲያዩኝ ቆይተው ነበር።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?»

«እማሆይ፣ ከተማውን ላይ ብዬ ነበር። ፀሐይዋ ከለከለችኝ።»

«ታዲያ ጠዋት ፊቷ ወደኛ ነው። ከሰዓት በኋላ ና። ያኔ ከኋላህ ትሆናለች፤ ጎንደርን ታበራልሃለች።»

በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። እኔ ከአዲስ አበባ ስነሳ የአየር ሁኔታውን ሳይቀር በስልክ ሳገላብጥ ነበር። ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ማሰብ ግን አልመጣልኝም።

እንግዲህ እስከ ከሰዓት ድረስ ሌላ ቦታ መሞከር አለብኝ። መጀመሪያ ፒያሳ ወረድኩ። አንድ ፎቅ ጣሪያ ላይ ያለ ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ። ከዚህ የሚታየው ጣልያን በአምስት ዓመቱ ወረራ የሠራው ወፍራም፣ ቢጫ ሕንፃ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን ሮቶ ነው። በየጣሪያው ላይ ጥቁር ሮቶ ተኮልኩሏል። ግንቡ በሁለት ሮቶ መሀል ትንሽ አጮልቋል። ማኪያቶው ግን ይመሰገናል።

ፋሲል ግቢንም ዞርኩት። ለዚህ ፍለጋዬ አይሆንም። ግቢው ውስጥ የገባ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚውለው። ደስ ያለኝ የታላቁ ኢያሱ ግንብ ነው፤ ጣሪያው ኮርቻ የሚመስለው፣ አሁን ወናው የቀረው። መስኮቶቹ ሰማይ ብቻ ያሳያሉ።

ወደ 7 ሰዓት ገደማ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነበርኩ። እዚህ ላይ ተሞኝቻለሁ። በስተምሥራቅ በኩል ከፍ ብሎ ስላለ ከተማዋን ያሳየኛል ብዬ ነበር። ጥዱና ወይራው ማን አሳልፎ! ዙሪያውን የድንጋይ አጥር አለ። አጥሩ ላይ አስራ ሁለት ክብ ማማዎች ተተክለዋል፤ አስራ ሁለቱን ሐዋርያት ያመለክታሉ። ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

ቀና አልኩ። ጣሪያው ሙሉ መላእክት ነው። ፊት፣ ክንፍ፣ ፊት፣ ክንፍ። ዓይኖቻቸው ትልልቅ ናቸው። ወደየትም ብሄድ ያዩኛል። ከላይ ሆኜ ከተማ ላይ ብዬ የመጣሁት ሰውዬ ከላይ ታየሁ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ አንገቴ ግን እስከ ማታ ያውቅ ነበር። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥሉ ይህቺ ተርፋለች። ንብ መንጋ ወጥቶ አባረራቸው ይባላል። አስጎብኚዎቹ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ንቦቹ እስካሁን ያሉ ይመስላል።

ጊዜ ያለው ሰው በደባርቅ መንገድ ወጥቶ ኮሶዬ ይሂድ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሬቱ ድንገት ተቆርጦ ቆላው ከታች ይዘረጋል። በልጅነቴ በአውቶቡስ መስኮት ነው ያየሁት፤ ዛሬም አልረሳሁትም። ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ጎንደር ከዚያ አትታይም።

10 ሰዓት ላይ ያንኑ ባጃጅ ጃን ተከል ዋርካ ሥር አገኘሁት።

«ወዴት ጋሼ?»

«ቁስቋም።»

«ጠዋት ሄደው አልነበር?»

«ፀሐይዋ ዞራለች» አልኩት። በመስታወቱ አየኝ። ይሄ ሰውዬ ሳያማው አይቀርም ብሎ እንዳሰበ ገባኝ። ዳገቱ ላይ ሳይጠይቀኝ ወረድኩለት።

ሒሳቡን ከፍዬ «ና አብረን እንይ» አልኩት። አንገራገረ። ከዚያ ቁልፉን ነቅሎ ተከተለኝ። ቤተ መንግሥቱ ጣሪያ የለውም። ግድግዳው ግን ቆሟል። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ በቀይ ድንጋይ የተሠራ ጌጥ አለ፤ መስቀሎቹ እንደ ጥልፍ ናቸው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲደርስ ያረፈው እዚሁ ቁስቋም ነበር፤ ፈንጣጣ የገባባቸውን የንጉሣውያን ልጆች ያክም ነበር። የእቴጌዋ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅምም እዚሁ ነው ያለው። ልጁ ይህን ሁሉ አልሰማም ነበር። «እኔ እዚህ ድረስ ሰው አመጣለሁ እንጂ ገብቼ አላውቅም» አለኝ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ተወልጄ እንጦጦ የወጣሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ።

ከፈራረሰው ግንብ ጥግ ቆምን። እማሆይ እውነታቸውን ነው። ፀሐይዋ ከኋላችን ሆና ከተማዋ ላይ ብርሃን አፍስሳለች። የፋሲል ግንብ ማር መስሏል። ያ ጠዋት ጥቁር ጥላ የነበረው ሁሉ አሁን መስኮት አለው፣ በር አለው፣ ልብስ የተሰጣበት ገመድ አለው። ከጎሃ ከተማዋ ካርታ ነበረች። ከዚህ ሰፈር ናት። ውሻ ሲጮህ ይሰማል። የማገዶ ጭስ ከየቤቱ ሽቅብ እየወጣ ቀሃ ላይ ይጋደማል። ተከራካሪ ከመጣብኝ እከራከራለሁ፤ ጀንበር ማየት የፈለገ ጎሃ ይውጣ፣ ጎንደርን ማየት የፈለገ ከሰዓት በኋላ ቁስቋም ይምጣ።

ልጁ ዝም ብሏል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። ጣቱን ዘርግቶ አንድ ነገር ይፈልጋል።

«ያ ትምህርት ቤት ነው... ያ ወፍጮ ቤት... ቆይ፣ ያቺ ሰማያዊ በር!» ወደኔ ዞረ። «ጋሼ፣ የኛ ቤት!»

ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«እማዬ፣ ውጪማ። በረንዳ ላይ። ወደ ቁስቋም ዙሪ። አዎ እዚህ ነኝ። ምንም አልሆንኩም! ነጠላሽን አውለብልቢልኝ።»

ሁለታችንም ዓይናችንን አጠበብን። ሰማያዊው በር አጠገብ የሆነ ነጭ ነገር ተንቀሳቀሰ። ነጠላም ሊሆን ይችላል፣ የተሰጣ አንሶላም ሊሆን ይችላል።

«አየኋት!» ብሎ እሱም እጁን አውለበለበ። ስልኩ ውስጥ የእናትየው ድምፅ እስከኔ ድረስ ይሰማል። ረጅም ነገር አወሩ። ዘጋውና ሳቀ።

«ምን አሉ?»

«እዚያ ከቆምክ አይቀር ስትመለስ ዳቦ ይዘህ ና አለችኝ።»