ደመወዝ አይደለም

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን ሰላምታ ስጽፍ እጄ «መድኃኒታችን» የሚለው ላይ ቆመ። በየበዓሉ ከአፋችን ስለማይጠፋ ሳናስተውለው እናልፈዋለን። «ዳነ» የምንለው ትኩሳቱ ለለቀቀው በሽተኛም፣ ከኃጢአት ነፃ ለወጣ ሰውም ነው። ኃጢአት የሚለውን ደግሞ ሥሩን ብትከተሉት ግዕዙ «ኀጥአ» ላይ ያደርሳችኋል፦ አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ። የእኛው «አጣ» የመጣው ከዚያው ነው። ኃጢአተኛና ያጣ ሰው በቋንቋችን የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ዕብራይስጡም ዘመዳቸው ነው። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 20 ላይ ስለ 700 ግራኝ ወንጭፈኞች ይተርካል፤ አንዲት ጠጉር እንኳ አነጣጥረው የማይስቱ ነበሩ። እዚያ «አይስቱም» ተብሎ የተተረጎመው ግስ ሌላ ቦታ «ኃጢአት ሠራ» የሚባለው ራሱ ነው። ጳውሎስም ሮሜ 3፥23 ላይ ሁሉ ኃጢአትን ሠርተዋል ካለ በኋላ ወዲያው የሚያነሣው መጉደልን ነው፤ የእግዚአብሔር ክብር ጎድሎአቸዋል ይላል።

የሰዋስው መምህር ልሁንባችሁ ብዬ አይደለም (ደስ ቢለኝም)። ኃጢአትን የጥፋት መዝገብ ብቻ አድርገን ስናየው፣ ትንሽ ካሳ፣ ትንሽ ደግነት ጨምረን የምናወራርደው ሒሳብ ይመስለናል። ነገሩ ማጣት ከሆነ ግን፣ ያጣ ሰው ከየት አምጥቶ ይከፍላል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጓደኛዬን ካሜራ ተዋስኩ። ማንገቻው የበር እጀታ ላይ ተጠምዶ ኖሮ፣ ሳላይ ስስበው ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ሌንሱ ተሰነጠቀ፤ አካሉም ከዚያ ወዲያ አልበራም። ደውዬ ስነግረው ለአፍታ ዝም አለና «ተወው፤ ደግሞ እንዲህ የምትንቀጠቀጠው ለምንድን ነው?» አለኝ። አለቀ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

እኔ ግን አልተውኩትም። አብረን በወጣን ቁጥር ሒሳብ ለመክፈል እሽቀዳደማለሁ። ቤት ሲቀይር ዕቃ ለመሸከም ከሁሉ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። ቀልዱ ባያስቅም እስቃለሁ። ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ ቀን ፊት ለፊት አየኝና «እኔ እኮ ከተውኩት ቆየሁ። አሁን ጓደኛዬ ነህ ወይስ ተቀጣሪዬ?» አለኝ።

«ተቀጣሪ» የሚለው ቃል ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ሉቃስ 15 ላይ ያለው የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ሲመለስ የሚለውን በመንገድ ሳይሆን ገና እዚያው በረሃብ እንደተቀመጠ ነው ያዘጋጀው፦ በደልሁ፤ ልጅህ ልባል አይገባኝም፤ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ። አባቱ ፊት ሲቆም የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይናገራል። ሦስተኛው ግን የለም። አባትየው ልብስ አምጡ፣ ቀለበት አድርጉለት፣ ጫማ አጫሙት እያለ ነው። ልጁ በልቡ ይዞት የመጣው የቅጥር ማመልከቻ ሳይቀርብ ቀረ።

ጳውሎስ ሮሜ 6፥23 ላይ የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነው ሲል የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ለወታደር የሚከፈለው ቀለብና ደመወዝ የሚጠራበት ነው። ኃጢአት የሠራህለትን የማያስቀር አሠሪ ነው። ከእግዚአብሔር ዘንድ የሚመጣውን የዘላለም ሕይወት ግን ደመወዝ አላለውም፤ የጸጋ ስጦታ አለው።

«ታዲያ ምግባር ለምን?» የምትሉኝ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። በዚህ ጉዳይ ክርስቲያኖች፣ ጸጋን አጥብቆ የሰበከው አውግስጢኖስና በሰው ጥረት ያመነው ጲላግዮስ ከተሟገቱበት ከአምስተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲከራከሩ ኖረዋል። ካቶሊኮችና ሉተራውያን ስለ መጽደቅ የጋራ መግለጫ የፈረሙት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው፤ የተሐድሶው መሪ ማርቲን ሉተር 95 የተቃውሞ አንቀጾቹን ካወጣ ከ482 ዓመት በኋላ። እኔ ክርክሩን የምፈታ ሰው አይደለሁም። ኤፌሶን ምዕራፍ 2ን ስናነብ ግን ግማሾቻችን ቁጥር 9 ላይ እንደምናቆም፣ ግማሾቻችን ከቁጥር 10 እንደምንጀምር ታዝቤአለሁ። በጸጋ ድናችኋል፣ ከሥራ አይደለም ያለው ሰው እስትንፋሱን ሳይሰበስብ መልካሙን ሥራ ለማድረግ ተፈጠርን ይላል። ለጓደኛዬ ዕቃ መሸከሜ ክፉ አልነበረም። ክፉው እየቆጠርኩ መሆኔ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ዘግይቶ ነው የገባኝ። የዚያን ካሜራ ዋጋ ማን ከፈለ? ጓደኛዬ ነዋ! «ተወው» ሲለኝ ኪሳራው በንኖ አልጠፋም፤ ከእኔ ወርዶ እሱ ላይ ነው ያረፈው። ሌላ እስኪገዛ ድረስ ስንት ወር ያለ ካሜራ እንደሠራ ያየሁት እኔ ነኝ። ስጦታው ለእኔ ነፃ ነበር፤ ለእሱ አልነበረም። ከትንሣኤው በፊት ዓርብ ያለው ለዚህ ይመስለኛል።

በዚያ ዓርብ ከጎኑ ከተሰቀሉት አንዱ፣ እኛስ የሚገባንን ነው የምንቀበለው ብሎ ደመወዙን በገዛ አፉ አመነ። ከዚያ የለመነው እንዲያስበው ብቻ ነው። ከመስቀል ወርዶ ካሳ የሚከፍልበት፣ የሰረቀውን የሚመልስበት ቀን አልቀረውም። የተመለሰለት ቃል «እውነት እልሃለሁ፥ ዛሬ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ስልኬን ዝም ብዬ ላስቀምጠው አልቻልኩም። ገንዘብ ከተበደርከኝ ወዲህ ስደውል የማታነሣልኝ፣ መንገድ ላይ ስታየኝ የምትታጠፈው ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። መልካም በዓል። ከቻልክ ዛሬ ደውልልኝ፤ ስለ ገንዘቡ አናወራም።