የኋላው ካርዳን ሲቀየር

ዛሬ ከሽንሌ በኩል ስንመለስ፣ በደረቅ ወንዝ አሸዋ ውስጥ የላንድክሩዘራችን የኋላ ካርዳን (የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ የሚያደርሰው ዘንግ) ክሮቸራው፣ ማለትም የመስቀል ቅርጽ ያለው መጋጠሚያው፣ ተሰብሮ ዘንጉ ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ተላቀቀ። የተላቀቀ ዘንግ እየተሽከረከረ የመኪናውን ሆድ ስለሚደበድብና የፍሬን ቧንቧ ሊበጥስ ስለሚችል ወዲያውኑ ቆምን። ዘንጉን ፈተን ካወጣን በኋላ የፊት ጎማዎቹን ከሚያዞራቸው ዘንግ ጋር የሚያያይዘውን ሀብ ቆልፈን፣ የአራት ጎማውን ማርሽ አስገብተን፣ በፊተኛው ካርዳን ብቻ እየተጎተትን ቀስ ብለን ድሬዳዋ ገባን።

ከተማዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን ባገኘነው ጋራዥ ሥራውን የያዙት አዛውንት መካኒክ ምትኩን ዘንግ ከመግጠማቸው በፊት ደጋግመው ያዩት በሁለቱ ጫፎች ክሮቸራዎቹን የሚይዙትን ሹካዎች ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ክሮቸራ በማዕዘን ሲዞር ፍጥነቱ በእያንዳንዱ ዙር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሹካዎቹ በአንድ መስመር ከዋሉ ግን አንዱ ያዛባውን ሌላው ያስተካክለዋል» አሉኝ። ዘንጉ መሐል ላይ በጥርስ የሚገጣጠም በመሆኑ በአንድ ጥርስ እንኳ ቢሳሳት መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ አዲሱም ክሮቸራ ዕድሜው ያጥራል። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ እኔ ከማንኛውም አዲስ ዕቃ አስበልጬ አከብረዋለሁ።

ቡሎኖቹ ጠብቀው፣ ግሪስ ከተሞላ በኋላ በሐረር መንገድ የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሞከርነው፤ ምንም ንቅጥቅጥ አልነበረም። ነገ ጠዋት ቡሎኖቹን እንደገና እናጠብቃቸዋለን።