የዣን ሞሮን ፈለግ ተከትዬ በፓሪስ

ፓሪስን እንድጎበኝ ያነሣሣችኝ ዣን ሞሮ ናት። ዓለም ይህችን ፈረንሳዊት የሚያውቃት በተዋናይነቷ ቢሆንም፣ እኔን የማረከችኝ በራሷ ድርሰትና ዝግጅት ፊልም የሠራችው ሞሮ ናት።

በመጀመሪያው ምሽት ወደ ሻንዜሊዜ ሄድሁ። ዳይሬክተሩ ሉዊ ማል እ.ኤ.አ. በ1958 ለእይታ ባበቃው «አሳንሰር ፑር ሌሻፎ» በተሰኘው ፊልም ውስጥ ሞሮ የቀረባትን ፍቅረኛዋን ፍለጋ በሌሊት የምትንከራተተው በዚህ ጎዳና ነው። የካሜራ ባለሙያው አንሪ ደካ መሣሪያውን በሕፃን ጋሪ ላይ አድርጎ፣ ከሱቆች መስኮት በሚወጣው ብርሃን ስለ ቀረጻት፣ ከዓይኗ ሥር ያለው ጥላ እንኳ ሳይሸፈን ይታያል። ያን ድባብ ፍለጋ ጎዳናውን ከላይ እስከ ታች ብጓዝም፣ ዛሬ የሱቆቹ መብራት እጅግ ከመድመቁ የተነሣ ለጥላ የሚሆን ቦታ አልቀረም። ደክሞኝ አረፍ ባልሁበት ቤት ለአንድ ስኒ ቡና 9 ዩሮ አስከፈሉኝ፤ ቅሬታው እስከ ማደሪያዬ ድረስ ተከተለኝ። ማደሪያዬም በክሊሺ አደባባይ አጠገብ ከመጠጥ ቤት በላይ ያለ ጠባብ ክፍል ስለ ነበረ፣ ጫጫታው እስኪነጋ እንቅልፍ ነሣኝ።

በማግሥቱ ሞሮ ወዳረፈችበት ወደ ሞንማርትር መካነ መቃብር ሄድሁ። ስፍራው ከጎዳናው ዝቅ ያለ በመሆኑ የኮሌንኩር ድልድይ በመቃብሮቹ አናት ላይ ያልፋል። እኛ አገር ወደ መቃብር የሚኬደው ለቀብር ወይም ለመታሰቢያ ነው፤ እዚህ ግን ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያነባሉ፣ ይህም እጅግ ደስ አሰኘኝ። መቃብሯን አጥቼ ስዞር አንዲት አዛውንት መጽሐፋቸውን አጥፈው ተነሡና በዝግታ እየመሩ አደረሱኝ፤ መንገዳችን ላይም በ1962 «ዡል ኤ ዢም» በተሰኘው ፊልም ያሠራትን የዳይሬክተሩን የፍራንሷ ትሩፎን ጥቁር የመቃብር ድንጋይ አሳዩኝ። በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ የራሷን ፊልሞች ሳነሣባቸው ፊታቸው በራ። በ1979 የወጣውን «ላዶሌሳንት»ን ያኔውኑ ሲኒማ ቤት ገብተው አይተውታል፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ በተቃረበበት በ1939 በጋ አያቷ ዘንድ የከረመችውን ልጃገረድ ታሪክ፣ በተለይም አያቲቱን ሆና የተጫወተችውን ሲሞን ሲኞሬን አልረሱም።

ሞሮ የመጀመሪያ ፊልሟን «ሉሚየር»ን በ1976 ያወጣችው ዕድሜዋ ወደ 50 ሲጠጋ ነው። ለበርካታ ዓመታት ታላላቅ ወንድ ዳይሬክተሮች ፊቷን ሲቀርጹ ኖረው፣ ካሜራው በእጇ ሲገባ ወደ አራት ተዋናይ ሴቶች ወዳጅነት አዞረችው። ይህን ምርጫዋን ከየትኛውም ዝነኛ ትወናዋ አላሳንሰውም። በ2000 ለፈረንሳይ የሥነ ጥበባት አካዳሚ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን፣ ያረፈችው በ2017 ነው።

ከሰዓት በኋላ ፊልም ሻጮችን ሳዳርስ ዋልሁ። በየሱቁ የተዋናይቱ ምስል ግድግዳውን ሞልቶታል፤ የዳይሬክተሯን ሥራ ስጠይቅ ግን ብዙዎቹ ትከሻቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ አንዱ ከኋላ መደርደሪያ ሦስቱንም ፊልሞቿን አወጣልኝ፤ የጠየቀኝን 25 ዩሮ ሳልከራከር ከፈልሁ። ሦስተኛው ስለ ድምፅ አልባው ዘመን አሜሪካዊት ተዋናይ ስለ ሊሊያን ጊሽ የሠራችው ዘጋቢ ፊልም ነው። ተዋናይ ተዋናይን ስለ ሙያዋ ስትጠይቅ ለመስማት ስለ ጓጓሁ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ያየሁት እሱን ነው።