ደረጃው አያልቅም

ቀይዋ ባቡር ጥርስ ባለው ሐዲድ ላይ እየተንጠላጠለች ፈረንሳይ አልፕስ ተራሮች ሥር ካለችው ከሻሞኒ ከተማ ተነስታ ሞንታንቬር የሚባለው የተራራ ጣቢያ አደረሰችን። 20 ደቂቃ ያህል ፈጀባት። ከፍታው 1,913 ሜትር ነው። ከጎኔ የነበረ ልጅ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ «በረዶው የታለ?» እያለ እናቱን አደረቃት። ስንወርድ እኔም የምጠይቀው እሱኑ ነበር።

ሜር ደ ግላስ ማለት የበረዶ ባሕር ማለት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የበረዶ ግግር የለም። ከሰገነቱ ቁልቁል ሳይ ግን የታየኝ ድንጋይ የሞላበት ግራጫ ገደል ነው። የድንጋይ ካባ መስሎኝ ነበር። በረዶው ከድንጋዩ ሥር ነው አሉኝ።

ጥቂት በኬብል ካር ወረድን፤ የቀረው በእግር ነው። ኬብል ካሩ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሠራ ሰው ጥቂት ደረጃ ረግጦ በረዶው ላይ ይቆም ነበር። እኔ በሄድኩ ጊዜ ደረጃው ከ500 አልፏል። በረዶው ዝቅ ባለ ቁጥር ብረት ይቀጥሉለት ነበር። ዓለቱ ላይ ደግሞ በረዶው በየትኛው ዓመት የት ይደርስ እንደነበር የሚናገሩ ሰሌዳዎች አሉ። 1990ን እየተጫወትኩ አለፍኩት። 2001 ላይ ዝም አልኩ። 2010 ስደርስ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በረዶው ግን ገና ከታች ነው።

ከማዶ ሌ ድሩ የሚባለው ሹል ተራራ ላይ ነጣ ያለ ጠባሳ ይታያል። በ2005 አንድ ግዙፍ የዓለት ምሰሶ የተናደበት ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ስንጥቅ ውስጥ ያለ በረዶ ድንጋዩን እንደ ሲሚንቶ ይይዘዋል። ሲሟሟ ተራራው ይላላል። ለዚህ ነው ተራራ መሪዎች በሐምሌና በነሐሴ አንዳንድ መንገዶችን የሚሸሹት። ድሮ ዋናው የሥራ ወቅታቸው ነበር።

ታች በግግሩ ውስጥ ዋሻ ተፈልፍሏል። ግግሩ ስለሚንቀሳቀስ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይቆፍሩታል። መግቢያው ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ ፀሐይ እንዳይመታው። በረዶ ብርድ ልብስ ደርቦ ሳይ፣ እውነት ለመናገር፣ ሳቄ መጣ። ውስጡ ሰማያዊ ነው። ከጣሪያው ውሃ አንገቴ ሥር ጠብ አለ።

ከግግሩ ሥር የሚወርደው ውሃ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በ2009 ግን በረዶው ሸሽቶ የውሃ መቀበያው አየር ላይ ቀረ። ከፍ ብለው ሌላ መቆፈር ግድ ሆነባቸው። «ሲቀልጥ ውሃ ይበዛ የለ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ለጊዜውማ ይበዛል። የሚበላው ግን ወለዱ ሳይሆን ዋናው ነው።

ሽቅቡ ገደለኝ። 2001 ሰሌዳ ሥር ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ስሰበስብ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው እየወረዱ ደረሱ። «ምን ያህል ይቀራል?» አሉኝ። «ገና ነው አባባ» አልኳቸው። ቁልቁል አዩ። አጠገቤ ተቀመጡና ከኪሳቸው መነጽራቸውን አውጥተው ሰሌዳውን ማንበብ ጀመሩ።